የፍጥነት ክስ ተጽፎብኛል፣ ዐቃቤ ሕግ ጋ ምን ይዤ ልግባ? (ጥያቄና መልስ ከአዳማ)

ጠበቃ ነኝ። ዛሬ ስለ ቀላል የፍጥነት ክስ ጠይቁኝ። ሰው የተጎዳበት ጉዳይ ካላችሁ ግን እዚህ አትጻፉት፣ በቀጥታ ጠበቃ ያዙ።

ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ስመጣ በራዳር ተያዝኩ። ፍጥነትህ 131 ነው አሉኝ። ከፍዬ ልገላገል?

131 ሄደህ ከነበር ክፈልና ተገላገል። የተፈቀደው ከፍተኛው 120 ነው፣ ክርክር የለውም። አልሄድኩም የምትል ከሆነ ግን አትቸኩል። መክፈል እንደ ማመን ስለሚቆጠር ከፍለህ ብትከራከር ጆሮ የሚሰጥህ አታገኝም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ብቻ እንዳያልፍብህ።

የተያዝኩት ወደ ወንጂ መስመር ነው። አንድ ሚኒባስ እየቀደመኝ ነበር። የሱን ፍጥነት ለኔ ቢጽፉብኝስ?

ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። የራዳር ሞገድ እየራቀ ሲሄድ እየሰፋ ይመጣል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መኪኖች ካሉ የተነበበው ቁጥር የማንኛው እንደሆነ መለየት ሊያስቸግር ይችላል። ሌዘር ከሆነ ጨረሩ ጠባብ ነው፣ ክርክርህም በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ መሣሪያው ምን ዓይነት ነው? የተነበበው ከስንት ሜትር ርቀት ነው? ምስል አለ? ምስል ካለና ያለኸው አንተ ብቻ ከሆንክ ሚኒባሱን እርሳው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንዳንዱ «ራዳሩ ከጎን ነው የለካኝ» ብሎ ይከራከራል። ቆሞ የሚለካ ራዳር ከጎን ሲያነብ ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። «እንግዲያው ከዚህም በላይ ትበር ነበር» ቢባል ምን ትመልሳለህ?

የክፍያ ጣቢያው ደረሰኝ ሰዓት አለው። አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የፈጀብኝ። ማስረጃ አይሆነኝም?

መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሰዓት ከጨረስከው አማካይ ፍጥነትህ 85 ነው ማለት ነው። ግን አንድ ቦታ 130 ነድተህ ሌላ ቦታ 60 ብትሄድም ያው 85 ይመጣል። ደረሰኙ የሚጠቅምህ ክሱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ከመንገዱ ወጥተህ ከነበር ብቻ ነው።

እሱንም ቢሆን ረጋ ብለህ አስላው። ማሽኑ 14:20 ካለ በኛ ከቀኑ 8:20 ነው። ሜይ 20 ካለ ግንቦት 12 ነው። ትራፊኩ በኛ አቆጣጠር ጽፎ፣ ማሽኑ በፈረንጅ አትሞ፣ ሰውየው «ቀኑ ተሳስቷል!» ብሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ማን ያምነዋል?

ቪትዝ ነው የምነዳው። ጎማ ቀይሬያለሁ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ግን ከ120 አላለፈም።

ከፋብሪካው የሚተልቅ ጎማ ከገጠምክ ዳሽቦርዱ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳይሃል። ስለዚህ ይሄ ማቅለያ ቢሆን እንጂ ነጻ አያወጣህም። ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ያዝ።

የክስ ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ አንብቤ አልረዳውም፣ ዕድሜዬም ገፍቷል።

አይስጉ እናቴ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ነው። ችሎት ሲቀርቡ ቋንቋውን እንደማይረዱ ወዲያው ይናገሩ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብልዎታል። ዐቃቤ ሕግ ጋ ሲሄዱ ግን ቋንቋውን የሚችል የቤተሰብ ሰው ቢይዙ ይሻላል። ወረቀቱን ዛሬውኑ ያስነብቡት።

ለትራፊኩ የሻይ ብሰጠውስ?

ጉቦ ነው። የደንብ ጥፋትህን ወደ ከባድ ወንጀል አታሳድገው።

ዐቃቤ ሕጉ ፊት ምን ልበል?

ትንሽ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ትራፊኩ ጸባይ፣ «ሁሉም እኮ ይበራል» የሚለውን ውጭ ተወው። በአንድ ገጽ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የምትክደውን አንድ ነገር ጻፍ። እንዲህ በል፦ «ክሱ በዚህ ሰዓት በዚህ ቦታ ይላል። አጠገቤ ሌላ ተሽከርካሪ ነበር። የራዳሩን ምስል ለማየት እጠይቃለሁ።» ከዚያ ዝም በል። የቀረበብህን ማስረጃ የማየት መብትም እዚያው አንቀጽ 20 ውስጥ አለ፣ እንደ ልመና አታቅርበው።

የፍጥነት ወሰን ምልክቱን ፎቶ የምታነሳ ከሆነ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ያንሳልህ። ለፎቶ ብለህ ፈጣን መንገድ ላይ ብትቆም ሁለተኛ ክስ ይዘህ ትመለሳለህ።

በቀጠሮው ቀን መስክ ላይ ነኝ። ብቀርስ?

እንዳትቀር፣ በሌለህበት ሊወሰንብህ ይችላል። ካልቻልክ ከቀኑ በፊት በጽሑፍ አመልክት። ሁለት ኮፒ አዘጋጅ፣ አንዱን መዝገብ ቤት አስገባ፣ አንተ ጋ በሚቀረው ላይ ማህተም አስመታበት።