በፀሐይ ኮሮና ላይ የሚስፋፋው ግዙፍ ሞገድ፦ ከሐዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሐዋሳ የሚገኙ የፊዚክስ ተማሪዎች፣ መምህራንና የሥነ ፈለክ ወዳጆች ያቀረቧቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ጉዳይ ያመራሉ፤ ይኸውም ከፀሐይ ፍንዳታ በኋላ በኮሮና (በፀሐይ ውጫዊ ከባቢ አየር) ላይ እየሰፋ የሚታየው ብሩህ ቀለበት በእርግጥ ሞገድ ነው ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ለእርሱ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ይህ ሞገድ መቼ ታወቀ?

መልስ፦ በ1995 ወደ ሕዋ የመጠቀችው ሶሆ የተባለች መንኮራኩር ኮሮናን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ስትከታተል፣ ግንቦት 12 ቀን 1997 ከአንድ ንቁ አካባቢ (መግነጢሳዊ መስኩ ከበረታበት ቦታ) ተነሥቶ አብዛኛውን የፀሐይ ገጽ እያዳረሰ የሚሄድ ብሩህ ቀለበት በግልጽ አሳየች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1960 የፀሐይ ተመራማሪው ጌል ሞርተን ከኮሮና በታች ባለው ክሮሞስፌር ላይ በሰከንድ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ሞገድ ማየቱን አስታውቆ ነበር። ጃፓናዊው ዩታካ ኡቺዳ በ1968 ይህን ሲያብራራ፣ ዋናው ሞገድ ያለው ኮሮና ውስጥ እንደሆነና ክሮሞስፌሩ ላይ የሚታየው የሞገዱ የታችኛው ጠርዝ ሲያልፍ የሚጥለው አሻራ እንደሆነ ገለጸ።

ጥያቄ (ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆመን ከምናየው ሞገድ በምን ይለያል?

መልስ፦ የሐይቁን ውኃ ወደ ቦታው የሚመልሰው በዋናነት የመሬት ስበት ሲሆን፣ ሞገዱም የሚታየው በውኃው ገጽ ላይ ነው። ኮሮና ግን ሙቀቱ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ የሆነ ፕላዝማ (የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው ቅንጣቶች የተሞላ ጋዝ) በመሆኑ፣ የጋዝ ግፊትና የመግነጢሳዊ መስክ ግፊት ተደጋግፈው ሞገዱን ያስኬዱታል፤ ሞገዱም እንደ ጉልላት ወደ ላይም ወደ ጎንም ይሰፋል። ይህ ዓይነቱ ፈጣን መግነጢሳዊ ሞገድ የመስክ መስመሮችን አቋርጦ ማለፍ ይችላል። ዝግ ያለው ዓይነት ግን በመስመሮቹ ርዝመት ብቻ ስለሚጓዝ፣ ግማሽ ፀሐይን የሚያዳርስ ቀለበት ሊሠራ አይችልም።

ጥያቄ (ከፊዚክስ መምህር)፦ ታዲያ ሊቃውንቱን ይህን ያህል ያከራከራቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ መምህር፣ የክርክሩ መነሻ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፍጥነቱ ነው፤ ሶሆ ያየችው ቀለበት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ200 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር፣ ይህም ከሞርተን ሞገድ እጅግ ያነሰ ነው። ሁለተኛው፣ አንዳንዶቹ ቀለበቶች የመግነጢሳዊ መስክ አወቃቀር በሚለወጥበት ድንበር ላይ ደርሰው ቆመው መታየታቸው ነው፤ ነፃ ሞገድ ደግሞ እንዲህ አይቆምም። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎቹ ደላኔና ኦላኒዬ በ1999፣ ቼንና ባልደረቦቹም በ2002፣ የሚታየው ነገር ፍንዳታው የመስክ መስመሮችን ወደ ውጭ ሲለጥጥ የሚፈጠር የፕላዝማ መታመቅ ሊሆን እንደሚችል ተከራከሩ። ቼን ግን ከዚሁ ፊት ለፊት እውነተኛ ፈጣን ሞገድ መኖር እንዳለበትም አስልቶ ነበር።

ነገሩን ያወሳሰበው የምስሎቹ በጊዜ መራራቅ ይመስለኛል። የሶሆ መሣሪያ በሁለት ምስሎች መካከል ቢያንስ 12 ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር፤ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነገር በዚያ ጊዜ ውስጥ 216,000 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 17 መሬቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚሸፍኑትን ርቀት ያልፋል። በ2010 የመጠቀችው ኤስዲኦ የተባለች የፀሐይ መከታተያ መንኮራኩር በየ12 ሰከንዱ ምስል ማንሳት ስትጀምር ግን፣ በበርካታ ክስተቶች ከፊት የሚሮጥ ፈጣን ግንባርና ከኋላው የሚከተል ዘገምተኛ ግንባር ተለይተው ታዩ። ከሁሉ በላይ እኔን የሚያሳምነኝ የፊተኛው ግንባር ጠባይ ነው፤ የኮሮና ቀዳዳ (የመስክ መስመሮቹ ወደ ሕዋ የተከፈቱበት ጠቆር ያለ የኮሮና ክፍል) ጋር ሲደርስ ከፊሉ ነጥሮ ይመለሳል፣ ከፊሉ ሰብሮ ያልፋል፣ በንቁ አካባቢዎች አጠገብም አቅጣጫውን ያጥፋል። የታመቀ ፕላዝማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነጥሮ የሚመለስበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ያዩት እውነት ነበር፤ የፊተኛው ሞገድ ነው፣ የኋለኛው ደግሞ የፍንዳታው አካል ነው።

ጥያቄ፦ ሞገዱን የሚያስነሣው የፀሐይ ነበልባሉ (ድንገተኛው የብርሃን ብልጭታ) ነው ወይስ ተወንጭፎ የሚወጣው ፕላዝማ?

መልስ፦ ተወንጭፎ የሚወጣው ፕላዝማ ነው። ብርቱ ነበልባል ታይቶ ፕላዝማ ካልተወነጨፈ፣ ሞገዱ አይታይም።

ጥያቄ (ከሬዲዮ ባለሙያ)፦ ሞገዱ ወደ እኛ ደርሶ ጂፒኤስና ሬዲዮን ያውካል?

መልስ፦ ሞገዱ ራሱ አይደርስም። የሚደርሰው አብሮት የተነሣው ፕላዝማ ነው፤ ወደ መሬት ካቀና ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስድበታል። አገራችን በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ፣ አዮኖስፌሩ (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) ሲታወክ የጂፒኤስ ስህተት መጨመሩ ሊያስገርመን አይገባም።

ጥያቄ፦ ሞገዱን ማጥናት ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ የኮሮናን መግነጢሳዊ መስክ በቀጥታ መለካት እጅግ አዳጋች ነው። የሞገዱ ፍጥነት፣ የፕላዝማው እፍግታና ሙቀት ከታወቁ ግን የመስኩን ጥንካሬ ማስላት ይቻላል፤ ጸጥ ባለው የፀሐይ ክፍል ላይ የሚገኘው ውጤት ጥቂት ጋውስ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ነው።

ጥያቄ፦ በራሳችን ቴሌስኮፕ ማየት እንችላለን?

መልስ፦ አንችልም፤ ይህን ዓይነቱን አልትራቫዮሌት የምድር ከባቢ አየር ውጦ ያስቀረዋል። የኤስዲኦ ምስሎች ግን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ናቸው። የ193 እና የ211 አንግስትሮም (የብርሃን የሞገድ ርዝመት መለኪያ) ምስሎችን ከ171ዱ ጋር አስተያዩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ የሚደምቀው ግንባር በ171ዱ ላይ ብዙ ጊዜ ጠቁሮ ይታያል፤ ምክንያቱም ሞገዱ ፕላዝማውን ሲያምቀው ስለሚያሞቀው፣ በ171 ያበራ የነበረው ቁስ ወደ ሌሎቹ የሙቀት ደረጃዎች ይሻገራል።