ልጆቻችሁን ለመጠየቅ በረሃ ለምታቋርጡ

እህቴ፣ «ልጆቻችን ከበረሃው ማዶ ናቸው፤ ስምንት ሰዓት ያስነዳል፤ ባለቤቴ፣ እኔና የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቴ ነን፤ በመኪና ብንሄድ ምን ይሻላል?» ብለው ለጠየቁት፣ እኛም ልጃችን ሥራ ይዞ እዚያ ከቀረ ወዲህ አምስት ጊዜ ተመላልሰናልና የማውቀውን ልጻፍ። ሂዱ። ልጆቹ ግን እንዳያስቸኩሏችሁ።

ቀልዴን አይደለም። በመጀመሪያው ጉዟችን ልጃችን ምሳ አዘጋጅቶ ስለነበር በየግማሽ ሰዓቱ «የት ደረሳችሁ?» ይላል። ባለቤቴም እንዳይጠብቀን ብሎ ረጅሙን ዳገት በቀትር፣ ኤሲ እንደተከፈተ ይጋልበው ጀመር። የሙቀት መለኪያው ቀስት መሃል ላይ ነበር፤ ድንገት ሳየው ቀዩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ኤሲውን አጥፍተን ሂተር ከፈትን። አዎ፣ በዚያ ሐሩር ሂተር! የሞተሩን ሙቀት በከፊል ወደ ውስጥ ስለሚስበው ነው። ላባችን እየተንጠፈጠፈ ቀስቱ ትንሽ መለስ ሲል ዳር ይዘን ቆምን። ባለቤቴ ጨርቅ ይዞ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲሄድ ጮኬ አስቆምኩት፤ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ ታፍኖ የቆየው ውሃ ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ምሳው እራት ሆነ።

የቆምንበት ቦታ ደግሞ ኔትወርክ የለውም። ልጅየው ስልካችን እምቢ ሲለው የጓደኛውን መኪና ተበድሮ ሊፈልገን ወጣ። መንገድ ላይ ተላለፍን መሰለኝ፣ እኛ ቤቱ በር ላይ ቆመን እሱ በረሃው ውስጥ ነበር፤ ያን ቀን ጠፊው እሱ ሆነ። አሁን ስንነሳና ነዳጅ ስንሞላ እንደውላለን፣ በመሃል ዝም ነው። በየትኛው መንገድ እንደምንመጣና ስንት ሰዓት ካለፈ ለፖሊስ እንደሚደውል አስቀድመን እንነግረዋለን። እሱ ራሱ እንዳይወጣ ተማምለናል።

የእናትዎን ኢንሱሊን ነገር አደራ። አገልግሎት ላይ ያለው አብዛኛው ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አይግባ። በረዶ ላይም በቀጥታ አይቀመጥ፣ አንዴ በረዶ ከሠራ አይረባም። ለሽንት እንኳ ስትወርዱ ይዛችሁት ውረዱ፤ እናትዎንም መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ።

ጎማውን ጥርሱን አይታችሁ አትመኑት። ጎኑ ላይ «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ እኔ በረሃ ይዤው አልገባም፣ ጎሚስታው የፈለገውን ይበል። ነፋሱን ሳትነሱ በፊት ለኩት። መንገድ ላይ ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ ያለ ነው፣ አታስተንፍሱት። ስኮርታውንም እንዳትረሱ፤ የኛ ባዶውን ነበር የተገኘው።

ውሃ ለሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር፣ ለመኪናው ሌላ። ከተበላሸባችሁ ከመኪናው አትራቁ፤ ሰው ከመኪና ይልቅ ለፈላጊ ይሰወራል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ብትነሱ ፀሐይዋ ሳትበረታ ግማሹን ትጨርሳላችሁ።

ለልጆቹ የምትጭኑትን ዕቃ ነገር ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። እኛ ክሪኩን ለማውጣት ስድስት ካርቶን አስፋልት ዳር አውርደናል። ክሪኩና ውሃው ከላይ፣ የልጆቹ ዕቃ ከሥር ይሁን።