ባንኮኒ ጀርባ ለምትቆሙ ልጆቼ

ሠላሳ ዓመት ሆቴል ውስጥ መጠጥ ስቀዳ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ባርማን፣ «ጋሼ፣ ቮድካ እኮ ጣዕም የለውም፤ ምን ያስቸግራል?» አለኝ። እኔንስ ያስቸገረኝ ይኸው ጣዕም ማጣቱ አይደል!

ስሙ ራሱ ስላቮች ውሃን ከሚጠሩበት «ቮዳ» የመጣ ማቆላመጫ ነው። ፖላንዶችና ሩሲያውያን ዛሬም ድረስ «የኛ ነው» ይባባላሉ። ፖላንዶቹ ቃሉ የሰፈረበትን የ1405 የፍርድ ቤት መዝገብ ይጠቅሳሉ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) «የቮድካን አልኮል 40 በመቶ እንዲሆን የወሰነው ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ ነው» የሚል ወሬም ትሰማላችሁ። ሰውየው በ1865 ስለ አልኮልና ውሃ ውህደት የመመረቂያ ጥናት ጽፏል፤ 40ን ግን እሱ አልወሰነውም።

ለሙያችን የሚጠቅመው ታሪክ ያለው አሜሪካ ነው። ጆን ማርቲን የሚባል ነጋዴ በ1939 ስሚርኖፍ የተባለውን ቮድካ አሜሪካ ውስጥ የማምረትና የመሸጥ መብት በ14,000 ዶላር ገዛ። ችግሩ፣ አገሬው ውስኪና ጂን እንጂ ቮድካ አያውቅም። ሆሊውድ ውስጥ ደግሞ ጃክ ሞርጋን የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት የማይሸጥለት ጂንጀር ቢር፣ ማለትም የዝንጅብል ለስላሳ፣ ተከምሮበታል። እንደሚባለው በ1941 ሁለቱ ያልተሸጠ ዕቃቸውን ቀላቀሉት። ሎሚ ጨመቁበት፣ በመዳብ ኩባያ አቀረቡት፣ «ሞስኮ ሙል»፣ የሞስኮ በቅሎ፣ አሉት። መጠጡ ግን ሞስኮን አይቷት አያውቅም! ከዚያ ማርቲን ፎቶውን እዚያው አትሞ በሚያወጣ ፖላሮይድ ካሜራ ባርማኖችን ከነኩባያው እያነሳ ፎቶውን ለቀጣዩ ባር ያሳይ ነበር። የዛሬ ልጆች በስልክ የምትሠሩትን ያኔ ሠርቶታል።

ኒውዮርክ ደግሞ ፈርናንድ ፔቲዮ የሚባል ባርማን ብለዲ ሜሪን፣ ማለትም ቮድካ በቲማቲም ጭማቂን፣ በበርበሬ፣ በሎሚና በዎርስተርሻየር ሶስ አጣፈጠ። ቮድካው ዝም ስለሚል ሌላው ሁሉ እንደልቡ ይናገራል።

ያደረ የሎሚ ጭማቂም ይናገራል፣ ተጠንቀቁ። ጂን በጥድ ሽታው ትንሽ ይሸፍንላችኋል፤ ቮድካ አይሸፍንም። ሎሚውን ሲታዘዝ ጭመቁ። በረዶው ትልልቅ ይሁን፤ ደቃቁ ቶሎ ቀልጦ መጠጡን ያቀጥነዋል። ለሞስኮ ሙል 45 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ 10 የሎሚ ጭማቂ፣ 120 ጂንጀር ቢር። በመለኪያ እንጂ በዓይን አትቅዱ።

እኔ በዓይኔ ስቀዳ ነው የተያዝኩት። ወጣት ሳለሁ አንድ የተከበሩ እንግዳ ቮድካ በብርቱካን ጭማቂ አዘዙ። እጄ ለጋስ ነበር። አረቄ ቢሆን ገና ከአፍንጫ ሲደርስ ያስጠነቅቃል፤ ይሄ ምንም አላለም። ሦስት ብርጭቆ ጠጥተው፣ አመስግነው፣ ተነሡ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ደግነቱ አልተጎዱም።

በማግስቱ መጡና ቀስ ብለው፣ «ትናንት ብርቱካኑ ተበላሽቶ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

«አይ ጌታዬ፣ የተበላሸው እጄ ነው» አልኳቸው።