መልስ፦ ጣርማ በርን በእኩል ፍጥነት የሚወርድ መኪና ለምን አይቆምም?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በእኩል ፍጥነት የሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ያሉት ኃይሎች ሚዛናዊ ከሆኑ፣ ማለትም ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጎትቱት እኩል ከሆኑ፣ ለምን አይቆምም ነው ያልከው። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይደናገራል።

ሚዛናዊ ኃይሎች ያለውን እንቅስቃሴ አይቀይሩም፤ በቃ። የቆመው እንደቆመ ይቀራል፣ የሚሄደውም በያዘው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይቀጥላል። የኒውተን የመጀመሪያው ሕግ ይሄው ነው።

በቁጥር እንየው። መኪናው ከነጭነቱ 20 ቶን ይሁን፤ መንገዱም በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ይውረድ እንበል። ስበት ቁልቁል የሚጎትተው በ10,000 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ፍሬኑ፣ ሞተሩና አየሩ ተባብረው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ከያዙት ፍጥነቱ አይለወጥም። ፍሬኑ ግሎ ሲደክም ግን የሚይዙት 8,000 ብቻ ቢሆን 2,000 ኒውተን ይተርፋል። ትንሽ ትመስላለች። ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፍጥነቱን በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ትጨምረዋለች! ጎበዝ ሾፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር ሞተሩ እንዲይዝለት ከባድ ማርሽ የሚያስገባው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። ኩርባው ላይ የፍጥነት መለኪያው 30 ላይ ቢቆምም ኃይሎቹ ሚዛናዊ አይደሉም። አቅጣጫ መቀየርም የእንቅስቃሴ ለውጥ ነው። መኪናውን ወደ ኩርባው ውስጠኛ በኩል የሚገፋው የጎማውና የአስፋልቱ ሰበቃ ነው። ዝናብና ጉም አስፋልቱን ሲያረጥቡት ይሄ ሰበቃ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ኩርባው ጋ ሳይደርስ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት።