ኮሚኬን ልልቀቀው ወይስ ላቆየው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። ቀን ቀን ፎቶ ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ታብሌቴ ላይ ኮሚክ እስላለሁ። ታሪኩ ስለ አንዲት ልጅና ደንገል አጭዶ ታንኳ ስለሚሠራ አያቷ ነው። እምቦጩ ሐይቁን እየዋጠው ሲመጣ አያትየው ሥራውን ሊተው ይነሳል። ልጅቷ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ከሐይቁ የሚጠራት ድምፅ መስማት ትጀምራለች። እኔ እንዳሰብኩት ወደ መቶ ክፍል ይሆናል። የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሻለሁ፤ መልቀቅ ግን ፈራሁ። ጓደኞቼ «በእንግሊዝኛ አድርጊው፣ በአማርኛ ማን ያነብልሻል» ይሉኛል። የት ልልቀቀው? ስንት ክፍል ሲኖረኝ ልጀምር? ገንዘብስ ይገኝበታል? እናቴ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ትለኛለች፤ የምመልስላት አጣሁ።
የታንኳዋ ልጅ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የታንኳዋ ልጅ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጓጓሁ። እኔን እንዲህ ካደረገኝ ሌላውንም ያደርገዋል። ስለዚህ ልቀቂው። ግን ነገ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ።

ከቋንቋው ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ነው የሚመጣው። በአማርኛ ሥሪው። በእንግሊዝኛ ስትለቂው አንዱ እያረቀቀ፣ ሌላው መስመሩን እያወጣ፣ ሦስተኛው ቀለም እየቀባ በየሳምንቱ ከሚያወጡ የኮሪያ ስቱዲዮዎች ጋር እኩል ተሰልፈሽ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከሥራ መልስ ብቻሽን ነሽ። በአማርኛ ግን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ የሚያነበው ያጣ ሰው አለ፤ እሱን የሚያስታውሰው ሠዓሊ ጥቂት ነው። እንግሊዝኛውን በኋላ ታወጪዋለሽ። ጽሑፉን ሁልጊዜ በተለየ ላየር (ከሥዕሉ በላይ በሚነጠፍ ንብርብር) ላይ ካስቀመጥሽ ሥዕሉን ሳትነኪ ቋንቋውን መቀየር ትችያለሽ።

አማርኛ ስልሽ ግን ፊደላችን ለኮሚክ የራሱ ጠባይ እንዳለው ከአሁኑ እወቂ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጥሩ ሥዕል ይዘው በጽሑፉ ምክንያት የማይነበቡ ሥራዎች ብዙ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

እንግሊዝኛ ኮሚክ ላይ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ በትልልቁ ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ አነስ ቢልም ይነበባል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ልዩነቱ ያለው በትንሿ ቅጥያ ላይ ነው። «ሱ»ን ከ«ሲ» የምትለያቸው አንዲት ጭረት ናት፤ አንዱ ጋ መሐል ላይ ናት፣ ሌላው ጋ እግሩ ላይ። ርካሽ ስልክ ላይ ፊደሉ ሲያንስ ጭረቷ ትጠፋለች፣ አንባቢውም እየገመተ ያነባል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከገመተ በኋላ ይተወዋል። ታብሌትሽ ላይ አትመኚ። እያንዳንዱን ክፍል ከመልቀቅሽ በፊት ሰፈር ውስጥ ባለ አነስተኛ ስልክ ላይ፣ ከቤት ውጭ፣ በፀሐይ ክፈቺውና እዪው። እዚያ ከተነበበ የትም ይነበባል።

ደግሞ ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው። «አልመጣችላቸውም» አንድ ቃል ነው። ይህን ጠባብና ቁመታም ባብል (ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ) ውስጥ ብታስገቢው ወይ ቃሉ ይሰበራል ወይ ፊደሉ ያንሳል። ስለዚህ ባብሎችሽን ወደ ጎን ሰፋ አድርጊያቸው። ከሁሉም በፊት ንግግሩን ጻፊና ቦታውን ያዢለት፣ ሰዎቹን ከዚያ በኋላ አስቀምጫቸው። ብዙ ሰው ሥዕሉን ጨርሶ ነው ለጽሑፉ ቦታ የሚፈልገው፤ ያኔ የደከመበትን ፊት ወይም እጅ ይሸፍንበታል። ንግግሩንም ቀንሺው። አንድ ባብል ከሦስት መስመር ካለፈ ሁለት አድርጊው።

ፎንቱ ዩኒኮድ፣ ማለትም ማሽን ቢቀየርም ፊደሉ የማይበላሽበት ዓይነት ይሁን። ፎቶ ቤት ስለምትሠሪ ይህን ሳታውቂው አትቀሪም፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነገር ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል በነፃ ይገኛሉ። የእጅ ጽሑፍሽ ጥሩ ከሆነ ግን በእጅሽ ጻፊው፤ እኔ በበኩሌ ከሥዕሉ ጋር አንድ እጅ የጻፈውን ፊደል ከየትኛውም ፎንት አስበልጣለሁ። ድምፆቹን ደግሞ ከሰፈርሽ አምጫቸው። መቅዘፊያው ውሃውን ሲመታ፣ ደንገሉ ሲታጨድ፣ ጉማሬው ብቅ ሲል የጣና ሰው እንዴት ብሎ ነው የሚያወራው? እንደዚያው ጻፊው። ከውጭ ኮሚክ «ቡም»ና «ክራሽ» አትበደሪ።

አሁን ወደ መቶው ክፍል። አስቀምጪው። አትጣይው፣ ግን አስቀምጪው። መጀመሪያ በስድስት ወይም በስምንት ክፍል የሚያልቅ አጭር ታሪክ ከዚያው ዓለም አውጪ። ለምሳሌ አያትየው የመጨረሻዋን ታንኳ ሲሠራ። ደንገሉን ፍለጋ ከቀድሞው ይልቅ ርቆ ይሄዳል፣ ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ያስራል፣ ልጅቷ ትረዳዋለች፣ ታንኳዋ ውሃ ላይ ትወርዳለች፣ በመጨረሻ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል። በቃ። አንባቢ የማያውቀውን ሠዓሊ መቶ ክፍል ድረስ አምኖ አይከተልም፤ ተጀምሮ የቀረ ነገር ብዙ አይቷል። አንድ ታሪክ ጀምረሽ ስትጨርሺ ግን ያምንሻል። አንቺም ብትሆኚ ታሪክ መጨረስን የምትማሪው በመጨረስ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እምቦጭ ጣና ላይ መታየት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ስለዚህ ልጅቷ የአሥር ዓመት ልጅ ከሆነች ሐይቁን ያለ እምቦጭ አይታው አታውቅም ማለት ነው። አያትየው ያውቀዋል፣ እሷ አታውቀውም። እኔ ብሆን ታሪኩን እዚህ ላይ ነበር የምተክለው። ታንኳ ሠሪዎቹ ዘንድ ደግሞ ሂጂና ተቀመጪ። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፣ ብዙም ሳይቆይ በአዲስ ይተካል። ይህን ሁሉ ከእነሱ አፍ ስሚ፣ እጃቸውን ሳዪ፣ ፈቃድም ጠይቂ። እናውቃለን ብለን ከምናብ የምንስለው እጅና የሚሠራ ሰው እጅ በጣም ይለያያል፤ የጣና ዳር አንባቢ ደግሞ ወዲያው ይለየዋል።

በሥዕል ተራ በተራ ታሪክ መንገር ለጣና አዲስ አይደለም። ዘጌ ወዳለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተሽ እዪ፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ታሪክ ነው፤ ከጎኑም ማን ማን እንደሆነ ተጽፏል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት አያስገቡም፤ ኡራና ደቅ ደሴት ላይ ያለችው የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ግን ያስገባሉ። ሂጂና ረጋ ብለሽ እዪ። የድሮ ሠዓሊዎቻችን በጎውን ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ፣ ክፉውን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይስሉ ነበር። ያላነበበ ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ቅዱሳኑን ቅጂ ማለቴ አይደለም። ዓይን እንዴት ከአንዱ ሥዕል ወደ ቀጣዩ እንደሚመራ፣ ስንት ነገር ተትቶ ታሪኩ እንደሚገባ ተመልከቺ።

የት ልልቀቀው ላልሽው፣ ቴሌግራም ላይ ጀምሪ። አንባቢሽ ያለው እዚያ ነው። ወደ ታች እየተሳበ የሚነበብ አድርጊው፣ ግን አንድ ረጅም ምስል አድርገሽ አትላኪ። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ነገር ይጨምቃል፣ ረጅም ምስል ደግሞ ሲጨመቅ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ቆራርጠሽ በቅደም ተከተል ላኪው፤ በአንድ ጊዜ እስከ 10 ምስል ይሄዳል። ዌብቱን ካንቫስ የሚባለው የኮሚክ መድረክ ላይም መጫን ከፈለግሽ የሚመከረው ልክ 800 በ1,280 ፒክስል ነው፤ በዚያ ልክ ብትቆርጪው ለሁለቱም ይሆንሻል። ስትስይ ግን በ800 አትሳዪ። ስፋቱን ቢያንስ 1,750 ፒክስል አድርጊው። ኤ5 መጽሐፍ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም የሚፈልገው ስፋት ያን ያህል ነው፣ ነገ ላሳትመው ስትዪ እንደገና ከመሳል ያድንሻል። ፋይሉንም አቅልዪው፤ አንባቢሽ የሚያወርደው በራሱ ፓኬጅ ነው። ሌላው፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ግርጌ የቻናልሽን ስም አስቀምጪ። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ስምሽም አብሮት ይዙር።

ከመጀመርሽ በፊት አራት ክፍል ያለቀ በእጅሽ ይኑር። መብራት ይጠፋል፣ ትታመሚያለሽ፣ ፎቶ ቤቱ የሰርግ ወቅት ይገባል፤ ኢንተርኔት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜም ባሕር ዳር ያለ ሰው አይረሳውም። በየሳምንቱ አትበይ፤ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቀኑ የታወቀ ይሁን። ክፍሎቹንም በፍላሽ ሌላ ቤት አስቀምጪ።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገርሽ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከኮሚኩ የሚገባ ነገር አትጠብቂ። የፎቶ ቤቱን ሥራ አትልቀቂ። የሚመጣው ከጎኑ ነው፤ ሥራሽን ያየ ሰው የልጁን ምስል፣ የካፌውን ግድግዳ፣ የመጽሐፉን ሽፋን ሳዪልኝ ይልሻል። አጭሩ ታሪክ ሲያልቅ በትንሽ መጽሐፍ አሳትመሽ መሸጥ ትችያለሽ፤ በጥቂቱ አሳትሚ፣ ሲያልቅ ድገሚ። መደገፍ ለሚፈልግ የቴሌብር ቁጥር ማስቀመጥ ነውር የለውም፤ ለዚህ ግን ለሥራው ብቻ የሚሆን ሌላ ስልክ ቁጥር አውጪ። የውጭ መድረክ ላይ ለገቢ ከመመዝገብሽ በፊት ደግሞ ገንዘቡ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው በምን መንገድ እንደሚደርስ አጣሪ።

እናትሽን በተመለከተ፣ አትከራከሪያት። ሥራሽን እንደማትለቂ ንገሪያትና የመጀመሪያውን ክፍል በራሷ ስልክ አስነብቢያት። የት ጋ እንደቆመች፣ የትኛው ባብል እንዳልገባት እዪ። ፍርሃትሽ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ፈርተሽ የያዝሽውን ሥራ ማንም አይቶ ሊያርምልሽ አይችልም፣ እኔ ደግሞ ታሪኩ ቶሎ ሰው እጅ እንዲገባ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ታሪኩን እጽፋለሁ፣ ጓደኛዬ ይስላል። እስካሁን በወንድማማችነት ነው የሠራነው። አሁን ልንለቀው ስንል «የማን ነው?» የሚል ነገር መጣ። ማስመዝገብ አለብን? ምን እናድርግ?
ሁለት ጓደኛሞች፣ ከዘጌ

መልስ፦ ሳትለቁት መጠየቃችሁ ትልቅ ነገር ነው። የቅጅ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መብቱ የሚገኘው ሥራው በመፈጠሩ ነው፤ ለመጠበቅ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም 50 ዓመት ይቆያል። ሁለታችሁ አብራችሁ ስለሠራችሁት የሁለታችሁም ነው። ጠቡ የሚመጣው ግን አዋጁ ላይ ሳይሆን እናንተ ባልተነጋገራችሁበት ነገር ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃችኋል። ገቢው እንዴት ይከፋፈል? አንዱ ቢተው ሌላው በሌላ ሠዓሊ ወይም ጸሐፊ መቀጠል ይችላል ወይ? ገጸ ባሕርያቱን አንዱ ብቻውን ለማስታወቂያ መሸጥ ይችላል? የቻናሉ የይለፍ ቃል ማን ዘንድ ነው? ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ጓደኛሞችን ሲያኳርፍ ግን አይቻለሁ፤ ሁለታችሁም አስተዳዳሪ ሁኑ። ክፍፍሉን ስትነጋገሩ ደግሞ አንድ ገጽ ለመጻፍና አንድ ገጽ ለመሳል የሚወስደው ጊዜ እኩል እንዳልሆነ አስቡ። ሠዓሊው ብዙ ሌሊት ይቀመጣል፤ እኔ ብሆን ይህን በክፍያው ላይ አስገባው ነበር። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይኑር፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቅጂ። ኦርጅናል ፋይሎቹን ከነቀናቸው አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ የሚስሉት የጃፓን ኮሚክ ብቻ ነው፤ ትልልቅ ዓይን፣ ሹል ፀጉር። የራሳቸውን እንዲስሉ ብዬ ልከልክላቸው?
መምህሩ፣ ከጎርጎራ

መልስ፦ አይከልክሏቸው መምህር። ሲቀዱ እጃቸው እየተፈታ ነው፣ ከከለከሏቸው ደግሞ ደብተሩን ይደብቁታል እንጂ አይተዉትም። ይልቅ ርዕስ ይስጧቸው። በዚያው በሚወዱት አሳሳል፣ ከባሕር ዳር የመጣችው ጀልባ ጎርጎራ ወደብ ስትደርስ በአራት ሥዕል ያሳዩ ይበሏቸው፤ ማን ይወርዳል፣ ማን ይጠብቃል፣ ምን ተጭኗል። የነጠላ እጥፋት፣ የጀልባ ገመድ፣ የሽማግሌ ፊት ሲያጋጥማቸው የቀዱት አሳሳል አይበቃቸውም፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ማየት ይጀምራሉ። ደብረ ሲና ማርያምም ቅርባችሁ ናት፤ አንድ ቀን ይዘዋቸው ሄደው የግድግዳውን ሥዕል ያሳዩአቸው። የሠሩትንም ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፉላቸው፣ ከነስማቸው።