«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ8 ዓመት ልጄ ኮቪድ ቀለል ብሎ ካለፈለት ከአንድ ወር በኋላ ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ፣ ልቡም ደክሞ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛ። «ሚስ-ሲ» (ከኮቪድ በኋላ በልጆች ላይ ብዙ የሰውነት ክፍሎችን የሚያስቆጣ ሕመም) ነው አሉን። አሁን ድኗል። አማቴ ግን «በእኛ ዘር የለም» እያሉ እኔን ያዩኛል። በዘር ይመጣል? ለታናሽ እህቱስ ልስጋ?

መልስ፦ እንኳን ልጅዎን ማረልዎ። ይህን ሁሉ አሳልፈው ጣት ሲቀሰርብዎ ማንበብ ያሳዝናል።

በአብዛኞቹ ልጆች በዘር የወረደ አንድ ግልጽ ምክንያት አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የ558 ታማሚ ልጆችን ዘረ መል መርምሮ በ5ቱ ላይ ጉድለት አገኘ፤ ኦኤኤስ1፣ ኦኤኤስ2 ወይም አርኤንኤስኤል በሚባሉ ጂኖች። ጂኖቹ የቫይረሱን አርኤንኤ (ዘረ መሉን) የሚለይና የሚቆራርጥ ሥርዓት ናቸው፤ ለነጭ የደም ሴሎችም ልጓም ይሆናሉ። ልጓሙ ሲጠፋ ሴሎቹ ልክ አጥተው ይቆጣሉ፤ ልብ፣ አንጀትና የደም ሥር ይቆጣሉ።

ይህ ጉድለት በሽታ የሚያመጣው ልጁ የተበላሸውን የጂን ቅጂ ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ብቻ ነው። አንድ ቅጂ የያዘ ሰው ጤነኛ ስለሚሆን ጉድለቱ ሳይታወቅ ከአያት ቅድመ አያት ሊወርድ ይችላል። ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባታችን ሁለቱ ቅጂዎች የመገናኘታቸውን ዕድል ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ አማትዎ «የለም» ያሉት ከልባቸው ቢሆንም ማስረጃ አይሆንም። ጉድለቱ ቢገኝ እንኳ ግማሹ ከልጃቸው የመጣ ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም።

ልጁ እንዲህ ያለ ጉድለት ካለበት እህቱም ጉድለቱን የመውረስ ዕድሏ ከ4 አንድ ነው። የዘረ መል ምርመራ ለሁሉም አያስፈልግም። ልጅዎ ከበፊቱ ከባድ ኢንፌክሽን የሚደጋግመው፣ የደም ሴሉ የሚያንስ ወይም ሕመሙ የተመለሰበት ከሆነ ግን የሰውነት መከላከያ ስፔሻሊስት እንዲያየው ሐኪሙን አጥብቀው ይጠይቁ።

ሚስ-ሲ ራሱ ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ ከመጣ ወዲህ በጣም ቀንሷል። ሆኖም ትንሿ ኮቪድ ከያዛት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት ከሽፍታ፣ ከዓይን መቅላት ወይም ከሆድ ቁርጠት ጋር ከመጣባት አይጠብቁ። ሚስ-ሲ የያዛት አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ለቀዶ ሕክምና ስትዘጋጅ፣ የቀላና የተሰነጣጠቀ ከንፈሯን አይታ ያስቆመችን ነርስ ናት። እርስዎም ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ የወንድሟን ታሪክ ገና ከበሩ ይናገሩ።