ከእንቅልፍ ህክምና ጉባኤ መልስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የምሠራው በእንቅልፍ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን፣ የልቡንና የአንጎሉን እንቅስቃሴ እከታተላለሁ። ከቀጣናችን የእንቅልፍ ህክምና ባለሙያዎች ጉባኤ ከተመለስኩ ወዲህ የደረሱኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። ያላየሁትን ሰው መመርመር አልችልም፤ ሐኪማችሁን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ግን ልጠቁማችሁ እችላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስለ እንቅልፍ ጉባኤ መጥራት ለምን አስፈለገ? እነማንስ ይመጣሉ?

መልስ፦ የሳንባ፣ የነርቭ፣ የአእምሮ፣ የአንገት በላይ፣ የሕፃናትና የጥርስ ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ነርሶች፣ እንደ እኔ ያሉ የላቦራቶሪ ሰዎች። አንድ ታማሚ ለራስ ምታቱ አንዱ ጋ፣ ለደም ግፊቱ ሌላው ጋ፣ ለድብርቱ ሦስተኛው ጋ ሲመላለስ ይቆያል፤ ሌሊት ትንፋሹ ይቋረጥ እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ሳያገኝ ዓመታት ያልፋሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ መቀመጣቸው ለዚህ ይጠቅማል። ሙያውም ገና ወጣት ነው። ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትና ሕልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል የታወቀው በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገውን ሲፓፕ አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ደግሞ በ1981 ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በጣም ያንኮራፋል። አንዳንዴ ትንፋሹ ቀጥ ይልና እንደታነቀ ሰው ብንን ይላል። እሱ ግን “ደህና ነኝ” ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያዩት ነገር ትልቅ መረጃ ነው። እሱም እየዋሸዎት አይደለም፤ መባነኑ የሰከንዶች ጉዳይ ስለሆነ ጠዋት አያስታውሰውም። እኛ በስክሪን የምናየው እንዲህ ነው፦ የአየሩ መስመር ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ደረትና ሆድ ግን አየር ለመሳብ መታገላቸውን አያቆሙም። ትንሽ ቆይቶ የኦክስጅኑ ቁጥር መውረድ ይጀምራል። ከዚያ የአንጎሉ ሞገድ ድንገት ይነቃል፣ የአገጩ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የታፈነው ትንፋሽ በጩኸት ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይጀምራል። በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ፣ ስሊፕ አፕኒያ፣ የሚባለው ሕመም ይህ ነው፤ ሲከብድ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ይደጋገማል።

በስልክዎ ጥቂት ደቂቃ ይቅረጹትና ለሐኪም ያሰሙ። ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለው እንደሆነ፣ ጠዋት ራሱን ያመው እንደሆነ፣ ሌሊት ለሽንት ይመላለስ እንደሆነ፣ ደም ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ብሎ እንደሆነ አብረው ይንገሩ። መሪ ይዞ የሚያንቀላፋ ከሆነ ግን እስኪታከም መንዳቱን ያቁም፤ በዚህ ድርድር የለም። ማንኮራፋትን መሳቂያ ማድረጋችን ስንቱን ሰው ከህክምና እንዳራቀው ሳስብ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ላቦራቶሪ አድሬ የተሰጠኝ ቁጥር 18 ነው፤ ቤት ውስጥ በተደረገው ምርመራ ግን 11 ነበር። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥሩ ትንፋሽ በሰዓት ስንት ጊዜ፣ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ፣ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ ይነግረናል። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። የቤት ምርመራ ብዙውን ጊዜ የአንጎል ሞገድ ስለማይለካ ተኝተው የቆዩበትንና ነቅተው የተገላበጡበትን ሰዓት አይለይም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ከአንድ ሌሊት ወደ ሌላውም ልዩነት አለ።

ሌላው ምክንያት የአቆጣጠሩ ሕግ ነው። የትንፋሽ መቀነስ እንዲቆጠር ኦክስጅን በ3 ከመቶ መውረዱ ወይም ሰውየው መባነኑ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ 4 ከመቶ ካልወረደ አይቆጠርም የሚሉም አሉ። የወረቀት ክርክር እንዳይመስልዎት። ያው አንድ ሌሊት በአንዱ ሕግ ሕመም፣ በሌላው ጤና ሊባል ይችላል። እኔ ከመጀመሪያው ጋር ነኝ፤ ኦክስጅናቸው ብዙ ሳይወርድ እንቅልፋቸው የሚቆራረጥ ሰዎች፣ በተለይ ወጣቶችና ሴቶች፣ በሁለተኛው ይዘለላሉ። በዚያ ላይ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ቆዳቸው ጥቁር በሆነ ሰዎች ላይ ከትክክለኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ወረቀቱ ጤነኛ ነህ እያለ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ ምርመራው ይደገምልኝ ማለት መብትዎ ነው።

ጥያቄ፦ ሲፓፕ ታዘዘልኝ፤ ጭምብሉ ያፍነኛል፣ አፌን ያደርቀዋል። ተውኩት። ሌላ አማራጭ የለም?

መልስ፦ አለ፤ ነገር ግን ከመተውዎ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። መሣሪያውን ከወሰዱ በኋላ የደወለልዎት ሰው ነበር? ብዙ ጊዜ መልሱ “አልነበረም” ነው። የጭምብሉ ልክ ሊቀየር፣ እርጥበት ሰጪው ሊስተካከል፣ የታፈነ አፍንጫ ሊታከም፣ ግፊቱ ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲጨምር ሊደረግ ይችላል። ቀን ላይ፣ ነቅተው ተቀምጠው ለግማሽ ሰዓት ያድርጉት፤ ፊትዎ ይለምደው። መሣሪያ አስረክቦ መሸኘት ህክምና አይደለም። በ2016 ይፋ የሆነ ሴቭ የተባለ ትልቅ ጥናት ሲፓፕ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንዳልቀነሰ ዘግቧል፤ ተሳታፊዎቹ ግን በአማካይ የተጠቀሙበት በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ የቀን እንቅልፋቸው ቀንሷል።

አማራጮቹ፦ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚያወጣ የጥርስ መሣሪያ፣ በጎን መተኛት፣ ክብደት መቀነስ። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ የትንፋሽ መቋረጥ ላለባቸው አዋቂዎች ቲርዜፓታይድ የተባለው መርፌ በታኅሣሥ 2024 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የትኛው ለእርስዎ እንደሚሆን የምርመራው ውጤት ነው የሚወስነው።

ጥያቄ፦ ለዓመታት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ኪኒን እየዋጥኩ ነው የማድረው። መውጫ አለው?

መልስ፦ አለው፣ ብዙ ሰው የማይነገረው መውጫ። በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ከቀጠለ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት እንለዋለን። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016፣ አውሮፓውያን ደግሞ በ2017 ቀዳሚው ህክምና ኪኒን ሳይሆን የባህሪና የአስተሳሰብ ህክምና ነው ብለዋል። አሠራሩ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፦ 8 ሰዓት አልጋ ላይ ቆይተው የሚተኙት 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ከሆነ፣ አልጋ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ወደ 5 ሰዓት ተኩል ያጥራል። የመነሻ ሰዓት በየቀኑ አንድ ነው። እንቅልፉ ሲጠና ጊዜው ቀስ በቀስ ይረዝማል። ካልመጣልዎት ከአልጋ ይነሱ፤ አልጋ የጭንቀት ቦታ እንዳይሆን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር የተባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለባቸው፣ ተሽከርካሪ የሚያሽከረክሩም ያለ ባለሙያ አይሞክሩት። ኪኒኑንም በአንድ ጊዜ አይቁረጡ፤ ከሐኪምዎ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሱት።

ጥያቄ፦ ሜላቶኒንስ?

መልስ፦ ሰውነት ሲመሽ የሚያመነጨው፣ በኪኒን መልክም የሚወሰድ ሆርሞን ነው። የሰውነት ሰዓት ሲዛባ፣ ለምሳሌ ከረጅም በረራ በኋላ፣ ይረዳል። ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ዱካክ ይጫነኛል። ነቅቼ መንቀሳቀስ አልችልም፤ የሆነ ነገር ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

መልስ፦ አእምሮዎ ነቅቶ ሰውነትዎ ገና በሕልም ጊዜው መዛል ውስጥ ሲቀር የሚከሰት ነው። ያስፈራል እንጂ አይገድልም። እንቅልፍ ሲጎድልና በጀርባ ሲተኙ ይብሳል። ቀን ቀን መቋቋም የማይቻል እንቅልፍ ካለብዎት፣ ወይም ሲስቁ ጉልበትዎ የሚከዳዎት ከሆነ ግን ይመርመሩ፤ ናርኮሌፕሲ የተባለው የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ማታ ጋደም ስል እግሬን ያቁነጠንጠኛል፤ ተነሥቼ ካልተራመድኩ አይተወኝም።

መልስ፦ እረፍት የለሽ እግር የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ብረት ሲያንስ ይብሳል። የብረት ክምችትዎን፣ ፈሪቲን የሚባለውን፣ ያስለኩ። የደም ማነስ ባይኖርም እንኳ በሚሊ ሊትር ከ75 ናኖግራም በታች ከሆነ ስለ ብረት ህክምና ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ጀማሪ ሐኪም ነኝ። ላቦራቶሪ የለንም። ለሚቀጥለው ጉባኤ ምን ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ ላቦራቶሪ አትጠብቅ። ደም ግፊቱ በ3 መድኃኒት አልወርድ ያለውን ታማሚ ሁሉ እንዴት እንደሚተኛ ጠይቀው። የትንፋሽ መቋረጥ ሕመምን ለመጠርጠር የሚረዳው ስቶፕ ባንግ የተባለው መጠይቅ 8 ጥያቄ ብቻ ነው፤ የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻም ወረቀትና እርሳስ እንጂ ሌላ አይጠይቅም። ከዚያ የላክሃቸውን ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ መልሰህ ደውልላቸው፦ ተመረመሩ? መሣሪያ አገኙ? አሁንም ይጠቀሙበታል? ካቆሙስ ለምን? ያንን መዝግበህ አምጣ። እኛ የሌሊቱን ውጤት ይዘን ነው የምንመጣው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ግን በአንተ እጅ ናቸው።